ፓርክ ሄጄ ስክሪን ማየት ሰለቸኝ (ሁሉንም ግን አይደለም)

በ2018 አካባቢ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለው ዩኒቨርሳል የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ የሄደ ሰው የምለው ይገባዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ኋላ እንዳንጣላ።) ጠዋት ትገባለህ፣ ትሰለፋለህ፣ ወንበር ላይ በቀበቶ ትታሰራለህ፣ መብራት ይጠፋል፣ ፊት ለፊትህ የፎቅ ቁመት ያለው ስክሪን ይበራል፣ የሆነ ነገር እየጮኸ ወዳንተ ይወረወራል፣ ወንበሩ ይንጥሃል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሃ ፊትህ ላይ ይረጭብሃል፣ አለቀ። ወጥተህ ቀጣዩ ራይድ ጋ (እያንዳንዱ መጫወቻ እንዲያ ነው የሚባለው) ትሰለፋለህ። እዚያም ያው ነው። ሲምፕሰንስ በ2008 ተከፈተ፣ ሚኒየኖቹ በ2012፣ ትራንስፎርመርስ በ2013፣ ግሪንጎትስ በ2014፣ ኮንግ በ2016፣ ጂሚ ፋለን በ2017፣ ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ በ2018፣ አንዳንዱ መነጽር አለው አንዳንዱ የለውም፣ ግሪንጎትስ እንደውም ግማሹ ሮለር ኮስተር (በሀዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ባቡር) ነው፣ ግን ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ስክሪን ያሳይሃል። ማታ ሆቴል ገብተህ ልጆቹን የቱን ወደዳችሁ ብትላቸው አንዱን ካንዱ እየቀላቀሉ ነው የሚነግሩህ።

ለዚህ ነው እንግዲህ በሰው ከመቶ ዶላር በላይ የተከፈለው። ቲቪ እኮ ቤትም አለ።

አሁን ይሄን ስል ስክሪን የሚባል ነገር የጠላሁ እንዳይመስላችሁ፣ ጓደኞቼ "አንተ አሮጌ ነገር ብቻ ነው የምትወደው" ይሉኛል፣ አይደለም። የኔ ነገር ሌላ ነው። ስክሪን ፊት ያስቀመጥከኝ ጊዜ ምን እንደማይ የወሰንከው አንተ ነህ። ካሜራው ወደ ግራ ሲዞር እኔም ወደ ግራ ነኝ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮም ወደ ግራ ናት፣ ትናንት የገባውም ነገ የሚገባውም ወደ ግራ ነው። ዳርክ ራይድ ውስጥ ግን ዓይኔ የራሴ ነው፣ ወደፈለግኩት ልኬው የፈለግኩትን ያመጣልኛል። ቴክኖሎጂው አሮጌ ነው አዲስ ነው የሚለው ጭቅጭቅ ለኔ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ዳርክ ራይድ ለማያውቅ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ በጋሪ ወይ በጀልባ ተቀምጠህ ቀስ እያልክ እየሄድክ ግራና ቀኝ የተሰራውን ነገር የምታይበት ማለት ነው፣ አሻንጉሊቱ፣ መብራቱ፣ ድምፁ፣ ሽታው። በጣም የቆየ ነገር ነው። ፒትስበርግ አጠገብ ኬኒውድ የሚባለው ፓርክ ውስጥ ኦልድ ሚል የሚሉት የጀልባ ራይድ ከ1901 ጀምሮ አለ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊዮን ካሲዲ የሚባል ሰው በአንድ ሀዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ ጋሪ ሰርቶ ፕሬትዝል በሚባል ካምፓኒ በየከተማው ቸበቸባት፣ ጀልባና ቦይ የማይፈልግ ርካሽ ነገር ስለሆነ በየባህር ዳርቻው ያለ መዝናኛ ሁሉ አንዳንድ ገዛ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ኦሽን ሲቲ ቦርድዎክ ላይ ትሪምፐርስ ውስጥ ያለው ሃንትድ ሃውስ የዚያ ዘር ነው። በ1964 የተሰራ ነው፣ የነደፈው ቢል ትሬሲ ነው፣ በዘመኑ እንዲህ አይነት ቤት በመስራት ስም ያወጣ ሰው። በጋ ላይ ግማሹ ሐበሻ ኦሽን ሲቲ ነው ያለው፣ ግን ሁሉም አሸዋው ላይ ነው፣ እዚያ የሚገባ ሐበሻ ብዙም አላየሁም። ጋሪው የሬሳ ሳጥን ቅርጽ ነው። እናቴ ይሄን ስታይ አማተበችና "እኔ ገና አልሞትኩም፣ ሂዱ እናንተ" ብላ ውጭ ወንበር ላይ ቀረች። እኛ ገባን። ያረጀ ነገር ነው፣ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ጋሪው ይንጫጫል፣ የሚያስፈራህ ጭራቅ መገጣጠሚያው ይታያል። ግን ጋሪው በር በሩን እየገጨ ሲገባ ቀጥሎ በየት በኩል እንደሚመጣብህ አታውቅምና ሰውነትህ በሙሉ ይነቃል፣ ትንሿ ልጄ ወደ ቀኝ ስታይ እኔ ወደ ግራ ሳይ የተለያየ ነገር አይተን ወጣን፣ ከዚያ መኪና ውስጥ እስከ ቤይ ብሪጅ ድረስ "አንተ ያን አላየህም?" ስትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ። ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን፣ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም፣ ዲዝኒላንድ። የተከፈተው በመጋቢት 1967 ነው፣ ዋልት ዲዝኒ የሞተው ታህሳስ 1966 ነው፣ ሰውዬው ሲሰራ ከርሞ ሲከፈት አላየውም። መጀመሪያ በእግር እየዞሩ የሚያዩት የሰም ሙዚየም አይነት ነገር ሊሆን ነበር የታሰበው፣ በ1964ቱ የኒው ዮርክ ወርልድ ፌር ላይ ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድን በጀልባ ሲሞክሩት የሰው ብዛት ያለ ችግር ሲያልፍ አዩና ይሄንንም ጀልባ አደረጉት። ከመቶ በላይ የሚንቀሳቀስ ሰውና እንስሳ አለበት፣ አኒማትሮኒክ የሚባሉት። ሩብ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው፣ ይሄ ዛሬ የማይታሰብ ነው፣ አሁን አምስት ደቂቃ የሰጠህ ራይድ ካገኘህ አመስግን።

ፓይሬትስን የሚያህል ነገር ያደረገው ግን ርዝመቱም ብዛቱም ብቻ አይደለም። አንድ ታሪክ ይወራል፣ ድምፁን ሲሰሩ የድርሰቱ ሰው ኤክስ አቴንሲዮ ተጨንቆ ነበር፣ ሁሉም ባህር ወንበዴ ባንድ ጊዜ ስለሚያወራ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ምንም አይሰማም ብሎ። ዋልት ዲዝኒ ደሞ አይ፣ ፓርቲ ላይ ስትሄድ ከዚህም ከዚያም ወሬ እንደምትሰማው ነው፣ ሰው በመጣ ቁጥር ሌላ ነገር ይሰማል አለው ይባላል። በኛ ሰርግ ቤት በለው። ከበሩ እስከ ሙሽሮቹ ድረስ ስትሄድ አንዱ ጠረጴዛ ስለ መሬት ያወራል፣ አንዱ አማት ያማል፣ አንዱ ጋ ጥሬ ሥጋው ላይ ቢላ ጠፍቶ ይጣላሉ፣ ሁሉንም አልሰማህም ግን ሰርጉ ውስጥ ነበርክ። ፓይሬትስ እንደዚያ ነው። ከተማዋን ሲዘርፉ፣ ከንቲባውን ጉድጓድ ውስጥ እየነከሩ ሲያወጡት፣ አንዱ ሰክሮ ከአሳማዎች ጋር ተኝቶ፣ እስረኞቹ ቁልፉን አፉ ውስጥ የያዘውን ውሻ በአጥንት ሲያባብሉት፣ ይሄ ሁሉ ባንዴ እየሆነ ጀልባህ ዝም ብላ ትሄዳለች። አንተን የሚጠብቅ የለም፣ አንተን አይቶ የሚያወራህ የለም፣ እነሱ የራሳቸው ሥራ ላይ ናቸው።

እናቴ የሬሳ ሳጥኑን ብትሸሽም ይሄን ገባች። እህቴ ሎስ አንጀለስ ናት፣ ፌርፋክስ ላይ ምሳ በልተን በነጋታው ነው ወደ አናሃይም የወሰድናት። ጀልባዋ መጀመሪያ ጨለማ ረግረግ ውስጥ ነው የምትገባው፣ የእሳት ትል መሳይ መብራቶች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ በሚወዛወዝ ወንበር ቁጭ ብሏል። እናቴ "እንደምን አመሹ" አለችው። በቁም ነገር ነው የምላችሁ። ከዚያ ጀልባዋ ቁልቁል ስትወርድ "ኧረ በማርያም!" የምትለው ጩኸት ነበረች፣ ቀጥሎ እንደገና ሲወርድ ያው ጩኸት፣ ከዚያ በኋላ ግን ዝም ብላ ነው ያየችው፣ ስትወጣ ደሞ ስለ አሳማዎቹ ነበር ወሬዋ፣ እኔ ስንት ጊዜ ገብቼ ያላስተዋልኩትን አሳማ። ያ ቁልቁለት የገባው ለደስታ ብቻ አይደለም በነገራችን ላይ፣ የራይዱ ትልቁ ቤት ያለው ከፓርኩ ባቡር ሀዲድ ውጭ ስለሆነ ጀልባዎቹ ከሀዲዱ በታች ማለፍ ነበረባቸው። የቦታ ችግር ነው ጥሩ ነገር ያመጣላቸው።

የምትነደዋ ከተማ ላይ ያለው እሳት ደሞ እሳት አይደለም፣ መብራት፣ ማራገቢያና የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ነው፣ ዬል ግሬሲ የሚባል የኢፌክት ሰው ሥራ። የከተማው እሳት አደጋ ኃላፊ አይቶ እውነተኛ እሳት ቢነሳ ሰዎቻችን በምን ይለዩታል ብሎ፣ አደጋ ሲኖር ይሄኛው ራሱ እንዲጠፋ አስደረገ ይባላል። ይሄን ሳነብ ከዛሬ ስንት ሚሊየን ዶላር ኤልኢዲ ስክሪን ጋር ማወዳደሬ አልቀረም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1969 እዚያው ዲዝኒላንድ ሃንትድ ማንሽን የሚባለው የመናፍስት ቤት ተከፈተ፣ እዚያ ላይ ግን ስክሪን ወይም ዳርክ ራይድ ብሎ ጎራ ለይቶ የሚጣላ ሰው ትንሽ ያፍራል። ክሪስታል ኳስ ውስጥ ሆና የምታወራው የጠንቋይዋ ጭንቅላት እኮ ፊቷ ፊልም ነው፣ ነጭ ቅርጽ ላይ የሚበራ ፊልም። መቃብር ቦታው ላይ የሚዘፍኑት የድንጋይ ጭንቅላቶችም እንደዚያው። ማለትም ፕሮጀክሽን ከጥንት ጀምሮ ዳርክ ራይድ ውስጥ ነበረ፣ ልዩነቱ ፊልሙ የበራው ቅርጽ ባለው ነገር ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ከሌላ ዕቃ መሃል ነው፣ ጋሪህ ዞር ስትልም ነገሩ እዚያው ነው። ዳንስ የሚደንሱት መናፍስት ደሞ ፊልምም አይደሉም። ፔፐርስ ጎስት የሚባለው ዘዴ ነው፣ በ1862 ለንደን ውስጥ ቲያትር ላይ ታይቶ ሰው ጉድ ያለበት፤ ወዲያ ማዶውን የሚያሳይ ትልቅ መስታወት ፊትህ ይቆማል፣ እውነተኞቹ አሻንጉሊቶች አንተ በማታያቸው ቦታ ጨለማ ውስጥ ናቸው፣ ብርሃን ሲበራባቸው ምስላቸው መስታወቱ ላይ አርፎ ከአዳራሹ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ይታይሃል። ልብ ብሎ ላየ ሰው የሚደንሱት ጥንዶች ውስጥ የምትመራው ሴቷ ናት፣ መስታወት ግራና ቀኙን ስለሚገለብጠው።

እዚያ ላይ ኦምኒሙቨር የሚባሉት ጋሪዎች አሉ፣ ሰንሰለት ሆነው ሳይቆሙ የሚሄዱ፣ ጋሪዋ ራሷ እየዞረች ወደሚፈለገው ቦታ ታዞርሃለች። እሺ፣ እዚህ ላይ "አየህ፣ ያኔም የት እንደምታይ ይወስኑልህ ነበር" ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ትከሻዬን ያዞሩታል። ግን ክፍሉ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ካለው መቶ ነገር የቱን ላይ የኔ ነው። ደሞ ሰንሰለቱ ስለማይቆም በሰዓት ከ2000 በላይ ሰው ያልፋል፣ ሰልፉ ረጅም ሆኖ ሲታይህ እንኳን ይሄዳል። ለትንንሽ ልጆች ወላጅ ይሄ ከሁሉም በላይ ነው፣ አልቃሽ ልጅ ይዞ የተሰለፈ ያውቀዋል።

ጥሩ ስክሪን የለም ወይ? አለ እንጂ። የስፓይደርማኑ፣ አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር (ኦርላንዶ ያለው ሌላው የዩኒቨርሳል ፓርክ)፣ 1999። ያን ራይድ የሰሩ ሰዎች የገባቸው ነገር አለ። ጋሪው ስክሪን ፊት ቆሞ አይቀርም፣ በእውነተኛ ግድግዳ፣ በእውነተኛ መንገድ፣ በእውነተኛ ሳጥንና ቧንቧ መሃል ይሄዳል፣ ስክሪኑ መንገዱ መጨረሻ ላይ ወይ ግድግዳው ውስጥ ነው የተሰነቀረው። ችግሩ፣ ሥዕል የተሳለው ከአንድ ቦታ እንዲታይ ነው፣ ጋሪው ሲንቀሳቀስ የስክሪኑ ሕንፃ ተጣሞ ይታያል። እነሱ ታዲያ ሥዕሉን ራሱን በጋሪው ጉዞ ልክ እያጣመሙ ሰሩት፣ ጋሪው ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ይታይህ ዘንድ። ሃያ አምስት ዓመት አልፎት አሁንም ሰው ይሰለፍለታል፣ በ2012 ምስሉን አዲስና ጥርት ያለ አድርገው ሰሩት እንጂ አላፈረሱትም። የሻንጋይ ዲዝኒላንዱ ፓይሬትስም፣ በ2016 የተከፈተው፣ በቪዲዮ ነው ያየሁት፣ ጀልባው ወደ ጎን ይዞራል ወደ ኋላም ይሄዳል፣ ስክሪኑ ባህር ሆኖ ይከብሃል ግን ከፊቱ እውነተኛ የመርከብ ስብርባሪ አለ፣ የት ላይ እንጨቱ አልቆ የት ላይ ምስሉ እንደሚጀምር መለየት ያቅታል። እንዲህ ከሆነ ማን ይጠላል።

እኔን የሚያናድደኝ ስክሪኑ ብቻውን የተተወበት ነው። አንድ ሙከራ ልንገራችሁ፣ ራይዱ መሃል ዓይናችሁን ጨፍኑ። ፓይሬትስ ውስጥ ብትጨፍን የውሃው ሽታ አለ፣ እርጥብ አየሩ አለ፣ መድፉ ከግራ ሲተኮስ ሰካራሙ ከቀኝ ይዘፍናል፣ ቦታ ውስጥ ነህ። ስክሪን ብቻ የሆነ ሲሙሌተር ውስጥ ብትጨፍን የሚቀርህ የሚንጥ ወንበር ነው። ይሄን ሙከራ እናቴ ሳታስበው ነው የሰራችው፣ ስሙን የማልጠራው ፓርክ ውስጥ እንዲህ አይነት ነገር ላይ አስገብተናት መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨፍና ውዳሴ ማርያም ስትደግም ነው የወጣችው። "ምን አየሽ?" ሲሏት "ምን አያለሁ፣ ስገጫገጭ ነው የዋልኩት" አለች። ባለቤቴ ደሞ አልጨፈነችም፣ ስለዚህ ወጥታ አንድ ሰዓት ጥላ ስር ተኛች። ምክንያቱ ይታወቃል፣ ዓይንህ እየበረርክ ነው ይልሃል፣ የጆሮህ ውስጥ ሚዛን ደሞ ኧረ ወንበር ላይ ነህ ይላል፣ ጭንቅላትህ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድህ ይከፍላል። 3ዲ መነጽር ሲጨመርበት ደሞ ብርሃኑን ከግማሽ በላይ ይበላዋል፣ የዓይን መነጽር ያለው ሰው መነጽር በመነጽር ላይ ደርቦ አፍንጫውን እየያዘ ነው የሚያየው። ዳር ወንበር ላይ ከተቀመጥክም የተጣመመ ነገር ነው የምታየው፣ 3ዲው የተሰላው ለመሃሉ ነው።

ቁመቱስ? ይሄን ማንም ብዙ አያወራበትም ግን እንደኛ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተያይዞ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የዲዝኒላንድ ፓይሬትስም ሃንትድ ማንሽንም የቁመት ገደብ የላቸውም፣ ሕፃን ታቅፈህ ትገባለህ። የአቫታሩ ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ 44 ኢንች ይላል፣ የሃሪ ፖተሩ ፎርቢድን ጆርኒ 48 ኢንች። ስለዚህ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ውጭ ቁጭ ብሎ ውድ ውሃ ይገዛል።

ካምፓኒዎቹ ለምን ስክሪን ወደዱ ብትሉ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ይሰበራል። ዘይቱ ይፈሳል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በየሌሊቱ ባለሙያ ይፈልጋል። ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ በ1990 ሲከፈት ጆውስ የተባለው የሻርክ ራይድ በጣም እያስቸገረ ዘግተው እንደገና ሊሰሩት ተገደዱ፣ ለሕዝብ በደንብ የተመለሰው በ1993 ነው፣ በመጨረሻ በ2012 ዘጉት። ያኔ የነበረው ኮንግ ደሞ ፎቅ የሚያክል ጦጣ ነበር፣ ትንፋሹ ሙዝ ሙዝ እንዲሸት አድርገውት፣ በ2002 ተዘጋ። የ2016ቱ ኮንግ አብዛኛው ስክሪን ነው፣ እግዜር ይስጣቸው መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ እውነተኛ አስቀምጠዋል፣ ከራይዱ ሰው የሚያስታውሰውም ያችን ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን የዲዝኒው የቲ ነው (ሂማላያ ላይ አለ የሚባለው የበረዶ ጭራቅ)፣ ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት የሚባለው ሮለር ኮስተር፣ ፍሎሪዳ ያለው አኒማል ኪንግደም ፓርክ፣ 2006። ሰባት ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም አውሬ፣ ሮለር ኮስተሩ ከስሩ ሲያልፍ ከላይ እጁን ወርውሮ ሊይዝህ የሚመጣ። ስንት ዓመት ለፉበት፣ ከተከፈተ ከወራት በኋላ ተበላሸ፣ ሊጠግኑት ቢፈልጉ ተራራውን ከነሀዲዱ መነካካት ሊኖርባቸው ነው፣ ስለዚህ ባለበት አቁመው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለቀቁበት፣ የተንቀሳቀሰ እንዲመስል። ወዳጆቹ ዲስኮ የቲ ብለው ስም አወጡለት። ይሄው እስከ ዛሬ ይጨፍራል። ስክሪን ቢሆን ኖሮ አንድ ሌሊት ኮምፒውተር ይቀየራል፣ ነገ ይሰራል። ፊልሙ ሲሰለች ደሞ ሌላ ፊልም ትጭናለህ፣ ሲምፕሰንስ ራሱ የተሰራው ከሱ በፊት በነበረው ራይድ ቤትና ወንበር ላይ ነው፣ የዲዝኒው ስታር ቱርስም (የስታር ዎርስ ሲሙሌተር ነው) ከ2011 ወዲህ ትዕይንቶቹን እያቀያየረ የተለያየ ጉዞ ያሳያል። ሂሳቡን ለሚሰራ ሰው ይሄ ይጣፍጣል።

ግን ሂሳቡ ሙሉ አይደለም። ስክሪን ሳይሰበር ያረጃል። ቡሽ ጋርደንስ ዊሊያምስበርግ ለኛ ቨርጂኒያ ላለነው የሰፈር ፓርክ ነው፣ እዚያ በ2005 ከርስ ኦፍ ዳርካስል የሚባል ከፈቱ፣ የጀርመን ቤተ መንግሥት፣ ወርቃማ የበረዶ ጋሪ፣ 3ዲ መነጽር፣ ተኩላ የሆነ ንጉሥ። ያኔ ጉድ ተብሎለታል፣ የስፓይደርማኑ የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። አሥራ አምስት ዓመት እንኳን አልሞላውም፣ በ2018 መጀመሪያ ተዘግቶ ቀረ አሉን። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስገባ ቤቱ አሁንም ያምር ነበር፣ ምስሉ ግን የድሮ ፕሌይስቴሽን ይመስል ነበር፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ከዚያ የተሻለ ያያሉ። በ2023 እዚያው ቤት ውስጥ ዳርኮስተር የሚባል ሮለር ኮስተር አስገቡበት። የ1964ቱ የኦሽን ሲቲ ጭራቅ በበኩሉ አሁንም በሩ ላይ አለ። ጭራቅ ድሮም አስቀያሚ ነው፣ ቢያረጅ ምን ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ አቡዳቢ ናት፣ የምትሰራበትን ቤት ልጆች ይዛ ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ ትሄዳለች፣ በ2018 የተከፈተ ሙሉ በሙሉ ጣራ ስር ያለ ፓርክ፣ ያ ሙቀት ባለበት አገር ሌላ ምን ሊሰራ። እዚያ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን አለ፣ የጀስቲስ ሊጉ በ3ዲ ስክሪን ነው፣ የስኩቢ ዱው ደሞ ሀዲድ የሌላቸው ጋሪዎች በእውነተኛ ሙዚየም መሰል ክፍሎች ውስጥ የሚዞሩበት ዳርክ ራይድ ነው። በቮይስ ሜሴጅ "ትንሹ ልጅ ስኩቢን ደግመን ደግመን እንግባ እያለ ገደለኝ፣ ሌላው ጋ አንዴ ገብቶ በቃው" ብላ ላከችልኝ። አንድ ልጅ ጥናት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ።

የሚገርመው ነገሩ አሁን እየተመለሰ ነው። ያው ዩኒቨርሳል በ2019 የሃሪ ፖተሩን የሃግሪድ ሞተር ሳይክል ሲከፍት ውጭ ጫካ ውስጥ የሚሮጥ ሮለር ኮስተር ነው፣ ዳሩ ላይ የሚንቀሳቀሱ አውሬዎች ያሉት፣ ስክሪን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ግንቦት 2025 ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባለው አዲሱ ፓርካቸው ሲከፈት ደሞ የፍራንከንስታይኑን ራይድ፣ ሞንስተርስ አንቼይንድን፣ ፋብሪካ ውስጥ መኪና በሚገጥመው አይነት የሮቦት ክንድ ላይ ወንበር ሰክተው በትክክለኛ ጭራቆች መሃል አሳለፉት። ያ ክንድ እኮ ያው የፎርቢድን ጆርኒ ክንድ ነው፣ በ2010 ብዙውን ጊዜ ስክሪን ፊት ይወስድህ የነበረው። ማሽኑ አልተለወጠም፣ ፊቱ ላይ ያስቀመጡለት ነገር ነው የተለወጠው። ኔዘርላንድ ኤፍተሊንግም ከ1978 ጀምሮ የነበረውን የመናፍስት ቤት በ2022 ዘግተው በ2024 ዳንስ ማካብርን ሲከፍቱ ስክሪን አልተከሉበትም፣ ወለሉ ራሱ የሚዞር የሚዘም ትልቅ ነገር ነው የሰሩት። አምስተርዳምና ሮተርዳም ያላችሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?

ዲዝኒ ራሱ ፊት ላይ እንኳን ሐሳቡን ቀየረ። በ2016 ፍሎሪዳ ባለው ኤፕኮት በሚባለው ፓርካቸው ላይ የከፈቱት የፍሮዝን ጀልባ የአሻንጉሊቶቹ ፊት ከውስጥ የሚበራ ፕሮጀክሽን ነበር፣ ከሩቅ ቆንጆ ነው፣ ቀረብ ስትል ግን ገላዋ ጨለማ ሆኖ ፊቷ ብቻ ይበራል፣ ትንሿ ልጄ "ለምንድነው ፊቷ የሚበራው፣ አሟታል?" ብላኝ ነበር። በ2023 ሆንግ ኮንግ ያንኑ ራይድ ሲሰሩ ፊቱን እውነተኛ፣ የሚንቀሳቀስ ቆዳ ያለው አደረጉት። የዲዝኒዋ ጥቁር ልዕልት የቲያና ራይድም በ2024 ፍሎሪዳ ሲከፈት እሷም እንደዚያው ናት፣ ከንፈሯ፣ ቅንድቧ፣ ጉንጯ ሁሉ ይሰራል፣ ጥቁር ልጅ ፊት በእውነተኛ ቀለሙ፣ መብራት ሳይሆን። ልጄ ያቺን ስታያት እጇን አወዛወዘችላት፣ ቲያና ሌላ ቦታ እያየች ቢሆንም።

ፓይሬትስ የምትገቡ ደሞ አንድ ነገር፣ ከተማዋ ውስጥ ድልድዩ ስር ልታልፉ ስትሉ ቀና በሉ። አንዱ ወንበዴ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሏል፣ ፀጉራም፣ ቆሻሻ እግር፣ ማርክ ዴቪስ የነደፈው። ግማሹ ሰው ወደ ፊት ሲያይ ያልፈዋል፣ እናቴ ግን አይታው "ምናለ ቢታጠብ" ብላለች።